የትኛው አብሽ ነው ስኳር የሚያወርደው?

የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ቤት አብሽ ሳይነሳ አይቀርም። ጎረቤት ይመክራል፣ ዘመድ ከገበያ ገዝቶ ይልካል፣ ሐኪሙ ሲጠየቅ ትከሻውን ይነቀንቃል። ነገሩ ሳይጠና ቀርቶ አይደለም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተጠንቷል። መልሱ ያልጠራው የጥናቶቹ ጥራት በማነሱ ብቻ ሳይሆን፣ «አብሽ» ተብለው የተፈተኑት ነገሮች ለየቅል በመሆናቸውም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የሕንድ ጥናት እንመልከት። በሃይደራባድ ያለው ብሔራዊ የሥነ ምግብ ተቋም ተመራማሪዎች ኢንሱሊን ለሚወጉ ጥቂት ሕሙማን በቀን 100 ግራም ዘይቱ የወጣለት የአብሽ ዱቄት ለሁለት ማዕድ ከፍለው ለ10 ቀናት ሰጡ። በሽንት የሚወጣው ስኳር በ54 በመቶ ቀነሰ። ከ11 ዓመት በኋላ ሌሎች የሕንድ ሐኪሞች 25 ሰዎችን በሁለት ቡድን ከፍለው ለሁለት ወር ተከታተሉ። አብሽ የደረሳቸው የወሰዱት በአልኮልና በውሃ የወጣ ንጥር ነበር፤ መጠኑም በቀን 1 ግራም ብቻ። በባዶ ሆድ በሚለካው ስኳር በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም፤ ሰውነት ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ ግን ተሻሽሎ ተገኘ። ሁለቱን ውጤቶች አጋጭቶ አንዱን ሐሰት ማለት ስህተት ይሆናል። የአብሽ ፍሬ ውሃ ሲነካው የሚዝለገለገው ጋላክቶማናን የተባለ ፋይበር ስላለው ነው፤ ይህ ዝልግልግ ነገር በአንጀት ውስጥ የስኳርን ወደ ደም መግባት ያዘገያል። አልኮል ግን ይህን ፋይበር አያሟሟውም፤ ንጥሩ ውስጥ የሚገቡት 4-ሃይድሮክሲአይሶሉሲን እንደተባለው አሚኖ አሲድ ያሉ ትንንሽ ውሁዶች ናቸው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይህ አሚኖ አሲድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ እንደሚያነሳሳ በቤተ ሙከራ አሳይተዋል። ስለዚህ ዱቄቱና ንጥሩ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2014 አሥር ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ጥናትም የስኳር መቀነስ ጎልቶ የታየው በቀን 5 ግራምና ከዚያ በላይ በተወሰደባቸው ሙከራዎች መሆኑን ጠቁሟል፤ የአብዛኞቹ ሙከራዎች ጥራት ዝቅተኛ መሆኑን ሳይሸሽግ።

ወደ እኛ ቤት አብሽ እንምጣ። ዱቄቱ ይዘፈዘፋል፣ ሲያቀር ከላይ ያለው መራራ ውሃ ይደፋል፣ ምሬቱ እስኪለቅ ይህ ይደጋገማል፤ ከዚያ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ይመታና ማር ወይም ስኳር ይጨመርበታል። በውሃ የሚሟሙት ውሁዶች ከሚደፋው ጋር ሳይሄዱ አይቀሩም፤ የሚቀረው በአብዛኛው ዝልግልጉ ነው። በዚያ ላይ ማሩ! ብዙ ሰው የሚጠጣውም ለጨጓራ ወይም ለመወፈር ነው። የውጭ አገር እንክብል ላይ የተገኘ ውጤት ስለዚህ ብርጭቆ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው፤ መፈተን ያለበት ራሱ ብርጭቆው ነው።

ፈተናው ቀላል አይደለም። ጥሩ ሙከራ ማን መድኃኒቱን፣ ማን ማስመሰያውን እንደወሰደ ተሳታፊው እንዳያውቅ ይፈልጋል። አብሽ ግን ሶቶሎን የተባለ ውሁድ ስላለው ሽታው በላብና በሽንት ይወጣል፤ በእንክብል ቢታሸግም ከጥቂት ቀን በኋላ ራሱን ያጋልጣል። አብሽ እንደወሰደ ያወቀ ሰው ደግሞ አመጋገቡንም ሊያስተካክል ይችላል። ስለዚህ «ተሻለኝ» ከማለት ይልቅ የሦስት ወር የስኳር ምርመራን መመዘኛ ማድረግ፣ ምግቡንም አብሮ መመዝገብ ያስፈልጋል።

«አያቶቻችን ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ፈተና ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። የአያቶች ልምድ ቶሎ የሚታየውን ነገር በደንብ ያውቃል፤ ሆድ መለስለሱን፣ የምግብ ፍላጎት መከፈቱን። ስኳር ግን ዓይንንና ኩላሊትን የሚጎዳው ዓመታት ቆይቶ፣ ያለ ሕመም ስሜት ነው፤ ያንን በዓይን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ ከገበያ የሚሸመትን ፍሬ ማንም በባለቤትነት ሊያስመዘግበው ስለማይችል ኩባንያዎች ገንዘብ አያወጡበትም። እውነት ነው፤ ግን ይህ የመንግሥት ተቋማትና ዩኒቨርሲቲዎች እንዲገቡበት የሚያደርግ ምክንያት እንጂ ፈተናውን የሚያስቀር አይደለም። ደግሞም እንደ አብሽ የጥራጥሬ ዘመድ የሆነ ተክል ወደ ክኒን የሚያደርስ መንገድ ከፍቶ ያውቃል። ጋሌጋ የተባለው የአውሮፓ ተክል ጋሌጂን የሚባል ስኳር የሚቀንስ ውሁድ ነበረው፤ በሰው ላይ ሲሞከር መርዛማነቱ ታየ። ከዚያው የውሁድ ቤተሰብ የሆነውን፣ በቤተ ሙከራ የተሠራውን ሜትፎርሚን ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በሕሙማን ላይ ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ1957 ውጤቱን አወጣ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚታዘዘው ክኒን እሱ ነው።

አብሽ በእርግጥ የሚሠራ ከሆነ ጉዳትም ሊያደርስ ይችላል። ከኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ከተባለው የስኳር መድኃኒት ጋር ተደርቦ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል፤ ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለበትን ሰውም ሊያስቆጣ ይችላል። ስለዚህ የሚጠጣ ሰው ምን ያህል እንደሚጠጣና ምን እንደሚጨምርበት ለሐኪሙ ይናገር፤ ሐኪሙም ትከሻውን በመነቅነቅ ፋንታ መልሱን በካርዱ ላይ ይጻፈው።