አሮጌው ኮምፒዩተር በሳሎን ውስጥ

ጕልበቱ የደከመ ሽማግሌ እርሻውን ለልጆቹ ቢተው እንኳ፥ ከቤቱ ጥግ ተቀምጦ ቤተ ሰቡን የሚጠቅምበት ሥራ አያጣም። ዕቃም እንዲሁ ነው። ከባዱን ሥራ ያቃተው መሣሪያ ቀላሉን ሊሠራ ይችላልና፥ ወደ ጉድፍ ከመጣሉ በፊት አንድ ጊዜ ሊታሰብለት ይገባል።

ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተሰኘው ፕሮግራሙ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በዚህ ምክንያት አካሉ ሳይሰበር «አሮጌ» የተባለ ኮምፒዩተር ብዙ ነው። የሚጣለውም ዕቃ ቀላል አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥር ያሉ መሥሪያ ቤቶች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ባወጡት ዘገባ፥ በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ከአገልግሎት ወጥቷል፤ ከዚህም በሥርዓት መሰብሰቡ የተመዘገበው ከሩብ ያነሰ ነው።

እንግዲህ አሮጌው ኮምፒዩተር ምን ይሁን? ከሳሎኑ ቴሌቪዥን አጠገብ ተቀምጦ የፊልምና የዘፈን፥ የሠርግ ቪዲዮና የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ማሳያ ይሁን። ለዚህ የሚሆን ኮዲ የተባለ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ኮዲ በ2002 ኤክስቦክስ ለተባለው የመጫወቻ መሣሪያ ተብሎ ተጀምሮ፥ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ2014 ነው። ሊብሬኤሌክ የተባለው ደግሞ በፍላሽ አማካይነት ይጫንና፥ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ኮዲን ብቻ ያስነሣል። ሥራው አንድ ብቻ ስለ ሆነ ደካማ መሣሪያ ይበቃዋል።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፥ ሊብሬኤሌክ ሲጫን በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ስለዚህ አስቀድሞ ፎቶግራፉንና ቪዲዮውን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፥ ቅጂውም በትክክል መከፈቱን ማየት ግዴታ ነው። የጠፋ ፊልም ይተካል፤ በሕይወት የሌለ አባት ድምፅ ግን አይተካም።

ሁለተኛ፥ መሰኪያውን መመልከት ነው። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ሥዕሉንም ድምፁንም በአንድ ገመድ ያደርሳል፤ የቀድሞው ቪጂኤ ግን ሥዕሉን ብቻ ስለሚያሳልፍ ለድምፁ ሌላ ገመድ ያሻል።

ሦስተኛ፥ ቪዲዮ የሚታመቅበት ዘዴ አንድ ዐይነት አይደለም። ኤች 264 የተባለው በ2003፥ ኤች 265 የተባለው በ2013 ወጥተዋል። ከ2013 በፊት የተሠራ ኮምፒዩተር ሁለተኛውን የሚፈታበት የራሱ ክፍል ስለሌለው ሥዕሉ ሊቈራረጥ ይችላል። ያንኑ ፊልም በፊተኛው ዘዴ የታመቀውን ማግኘት ችግሩን ያቃልላል።

አራተኛ፥ የማቀዝቀዣውን አቧራ መጥረግ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ፥ መብራት ድንገት ሲጠፋ ባትሪው ዲስኩን ከጉዳት ያድናል። ያበጠ ባትሪ ግን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፥ ሳይውል ሳያድር በባለሙያ መውጣት ይገባዋል።

ዛሬ እያንዳንዱ የቤተ ሰብ አባል በየስልኩ አቀርቅሮ ያመሻል። አያትና የልጅ ልጅ በአንድነት ተቀምጠው የጥንቱን የሠርግ ቪዲዮ እያዩ «ይህ ማን ነው?» የሚባባሉበት ምሽት ከተገኘ፥ አሮጌው ኮምፒዩተር በጡረታው ዘመን ትልቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው።