ቡችላው አጥንቱን ይዞ ሲያጉረመርም

ቡችላችሁ አጥንት ይዞ ጥግ ላይ ተኝቷል። ጠጋ ስትሉ ማኘኩን ያቆማል፣ ሰውነቱ ድርቅ ይላል፣ በዓይኑ ጠርዝ ያያችኋል፣ ከዚያ ማጉረምረም ይጀምራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዱላ ያነሳል፤ «ጌታው ማን እንደሆነ ይወቅ!» ብሎ አጥንቱንም ይነጥቀዋል።

የምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ ነገሩን በመኪና ላስረዳችሁ። ከገለምሶ ጫት ጭኖ ወደ ጭሮ የሚወጣ አይሱዙ ዘይት ሲያጥረው ቀይ መብራት ይበራል። ሾፌሩ መብራቱ ረበሸኝ ብሎ ሽቦውን ቢቆርጠው ዘይቱ አይሞላም፤ ሞተሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቃጠላል። ማጉረምረምም እንደዚያ መብራት ነው። በዱላ ዝም ያሰኛችሁት ቡችላ ፍርሃቱ እዚያው ነው። የተማረው ነገር ቢኖር ሳያጉረመርም መንከስን ነው።

ታዲያ ለምን ይሰስታል? ቡችላ ከወንድሞቹ ጋር ከአንድ ሳህን እየተሻማ ያድጋል። ጭሮም ሆነ ሂርና ወይም ሚኤሶ ደግሞ የግቢ ውሻ የሚጠበቅበት ጅብና ሌባ ማባረር ነው፤ የሚበላው ትራፊ ነው። አጥንት በብዛት የሚያየው በአረፋ ወይም በፋሲካ ሰሞን ነው። ብርቅ ነገር ይጠበቃል፣ ሰውም እንዲሁ ነው እኮ!

ችግሩ በራሱ ይባባሳል። ስትነጥቁት «የሰው እጅ ሲመጣ ምግቤ ይሄዳል» የሚለውን ያረጋግጣል። ፈርታችሁ ስትሸሹ ደግሞ ማጉረምረሙ እንደሠራለት ይማራል። በሁለቱም መንገድ በሚቀጥለው ጊዜ ይብስበታል።

መውጫው የኮቴያችሁን ትርጉም መቀየር ነው። ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነበር፤ ውሾቹ ግን ምግቡ አፋቸው ሳይገባ፣ የሚያመጣውን ሰው ሲያዩ ገና ምራቃቸው ይወርድ ነበር። እናንተም ይህንኑ ተጠቀሙበት። በአጥንት አትጀምሩ፤ ብዙ በማይሰስትለት ነገር፣ ለምሳሌ በደረቅ እንጀራ ጀምሩ። ቡችላው ሳይደርቅ ሊያያችሁ የሚችልበት ርቀት ላይ፣ 3 ሜትር ሊሆን ይችላል፣ ቁሙና ከያዘው የሚበልጥ ነገር ጣሉለት፤ ትንሽ የተቀቀለ ሥጋ ይበቃል። ከዚያ ዞር ብላችሁ ሂዱ። በቃ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ስትመጡ ጅራቱን እያወዛወዘ ቀና ማለት ሲጀምር ግማሽ ሜትር ቅረቡ። ከደረቀ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ የቸኮላችሁት እናንተ ናችሁ። ሳምንታት ይፈጃል። በኋላ አጥንቱን በሥጋ ስትለውጡት መልሳችሁ ስጡት፣ መስጠት መክሰር እንዳልሆነ ይግባው።

በአካባቢው የውሻ ምራቅ እንዲነካቸው የማይፈልጉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ይህ ዘዴ ግን ከርቀት በመወርወር የሚሠራ ስለሆነ መነካካት አይጠይቅም።

ስለ አጥንቱም አንድ ነገር ልበል። የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ጥሬ ሳምባና ጉበት ደግሞ ጨርሶ አትስጡ፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት ውሻው ከኮሶ ትል ወገን የሆነ ጥገኛ ትል ይይዘዋል፣ በዓይነ ምድሩ የሚወጣው እንቁላል ወደ ሰው ይተላለፋል።

ልጆች በዚህ ሥልጠና አይሳተፉም። ውሻው አጥንት ሲይዝ ለብቻው፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ ታስሮ የሚበላ ውሻ መሸሻ ስለሌለው ይበልጥ ያስፈራል። የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶ የሚሆኑት በውሻ ነው፣ ብዙ ጊዜ ተጎጂዎቹም ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው አስከትቡት። ከነከሰ ግን፣ የራሳችሁ ቡችላ ቢሆንም፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል።