የፈርዖን ልብና የሰው ፈቃድ
ክርስቲያኖች ስለ ነጻ ፈቃድና ስለ ቅድመ ውሳኔ ያደረጉት ክርክር

በየዓመቱ ፋሲካ ሲደርስ ልጆቻችን አንድ ጥያቄ ያነሡብናል። «እግዚአብሔር የፈርዖንን ልብ ካጸናው የፈርዖን ጥፋቱ ምንድን ነው?» ይላሉ። በአገር ቤት ሳለን ቄሶቻችን ከኦሪት የመውጣቱን ታሪክ ሲያነቡልን እኛም በልባችን ይህንኑ እንጠይቅ ነበር፤ ታላላቆችን መጠየቅ ግን ድፍረት ስለ ነበር ዝም እንል ነበር። ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ክርስቲያኖችም በዚሁ በፈርዖን ምክንያት ለብዙ መቶ ዓመታት ተከራክረዋል። ክርክራቸውን ማወቅ የራሳችንን ነገር ለመመርመር ስለሚረዳ በአጭሩ እናቀርባለን።

ነጻ ፈቃድ ማለት ሰው ደግንና ክፉን መርጦ ማድረግ ይችላል ማለት ነው። ቅድመ ውሳኔ ማለት ደግሞ ማን እንደሚድን ፈጣሪ ከጥንት ወስኖታል ማለት ነው።

በኦሪት ዘጸአት ንባቡ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ስፍራ ፈርዖን ራሱ ልቡን አደነደነ ይላል፤ ሌላው ስፍራ እግዚአብሔር አጸናው ይላል። እግዚአብሔር ነገሩን ለሙሴ አስቀድሞ ቢነግረውም፣ ልቡን አጸና የሚለው ቃል በመቅሰፍቶቹ መካከል መጀመሪያ የሚመጣው በስድስተኛው፣ በቁስሉ ጊዜ ነው። ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 9 ይህንኑ ፈርዖንን ጠቀሰ፤ ክርክሩም በአብዛኛው ከዚያ ምዕራፍ ተነሣ።

የእስክንድርያው ኦሪጀን በ3ኛው መቶ ዘመን ምሳሌ ሰጠ። ፀሐይ አንዲት ስትሆን ሰምን ታቀልጣለች፣ ጭቃን ግን ታጠነክራለች፤ ልዩነቱ ከፀሐይዋ ሳይሆን ከተቀባዩ ነው አለ።

ትልቁ ጠብ የመጣው በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። ጴላግዮስ የተባለ ከብሪታንያ የመጣ መምህር፣ ሰው ከወደደ ትእዛዝን መጠበቅ ይችላል ብሎ በሮም አስተማረ። ያሳሰበውም ሰዎች ድካማቸውን እያመካኙ በኃጢአት መቀመጣቸው ነበር። በዛሬዋ አልጄሪያ የሂፖ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ ግን፣ ከአዳም ወዲህ የሰው ፈቃድ ታሟል፣ ጸጋ ካልቀደመው ወደ ደግ አይመለስም አለ። ጸጋው ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው የሚቀርበትን ምክንያት የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው ብሎም አስተማረ።

ጴላግዮስ በ415 ለጉባኤ የቀረበው እዚሁ አገር፣ ያን ጊዜ ዲዮስፖሊስ ትባል በነበረችው በሎድ ነው። በ1991 የመጣነው ከአውሮፕላን ወርደን መጀመሪያ የረገጥነው መሬት ከዚያች ከተማ አጠገብ ነው። የሎድ ጉባኤ ጥፋት አላገኘንበትም ብሎ ለቀቀው፤ በ418 ግን የካርታጎ ጉባኤ ትምህርቱን አወገዘ። በ529 በፈረንሳይ ምድር በኦራንዥ የተሰበሰቡት ጳጳሳት ጸጋ ይቀድማል የሚለውን ተቀበሉ፤ እግዚአብሔር ሰውን ለክፋት ወስኖታል የሚለውን ግን አወገዙ።

ምሥራቃውያኑ በሌላ መንገድ ሄዱ። ዮሐንስ አፈወርቅና መሰሎቹ፣ ሰው ጸጋ ቢያስፈልገውም እሺ ወይም እምቢ ማለት የራሱ ነው አሉ። በኢትዮጵያ ጎረቤቶቻችን የነበሩት የተዋሕዶ ካህናትም ሰው ነጻ ፈቃድ አለው ብለው ያስተምራሉ።

ክርክሩ በአውሮፓ እንደገና ተነሣ። በ1524 ኤራስመስ ለነጻ ፈቃድ ቆሞ ጻፈ፤ በ1525 ማርቲን ሉተር ፈቃድ እስረኛ ነው ብሎ መለሰለት። ሁለቱም ስለ ፈርዖን ጽፈዋል። ሉተር፣ አንካሳ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ፈረሱን ያነክሳል እንጂ አንካሳ አላደረገውም የሚል ምሳሌ አመጣ። ከእርሱ በኋላ ካልቪን አንዱ ለሕይወት፣ አንዱ ለጥፋት ተወስኗል አለ። በሆላንድ አርሚንየስ ይህን ተቃወመ፤ እርሱ በ1609 ከሞተ በኋላ በ1618 እና 1619 የዶርት ጉባኤ የተከታዮቹን ሐሳብ አልቀበልም አለ።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልብ በል። የእነዚህ ሁሉ ዋና ክርክር ስለ ነፍስ መዳን ነው። ካልቪን እንኳ ሁሉ በፈጣሪ ትእዛዝ ነው እያለ፣ በደል የሠራ ሰው አይጠየቅም አላለም፤ በዕድል ማመንንም ነቅፏል። እኛ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የምንለው ከዚህ የተለየ ነው።

በታልሙድም አርባ ቀን አለ፤ ፅንሱ ከመፈጠሩ አርባ ቀን በፊት የትዳሩ ነገር በሰማይ ይነገራል ይላል። ነገር ግን ስለሚወለደው ልጅ ሀብታም ወይም ድኻ፣ ብርቱ ወይም ደካማ መሆን ሲወሰን፣ ጻድቅ ወይም ኃጥእ መሆኑ አይወሰንም ብለው ሊቃውንቱ አስተምረዋል። ራምባምም በ12ኛው መቶ ዘመን፣ ፈርዖን አስቀድሞ በገዛ ፈቃዱ እስራኤልን ስለ በደለ የንስሓ በር መዘጋቱ ቅጣቱ ነው ብሎ ጻፈ። ለልጆቻችን ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው።

ይህን የጻፍነው ለክርክር ብቻ አይደለም። እስከ 1985 በነበሩት ዓመታት በሱዳን መንገድና በስደተኞች ሰፈር ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን እንዳለቁ ይገመታል። እናት «ይዤው ባልወጣ ኖሮ» እያለች ራሷን ስትከስስ፣ ለቅሶ የደረሰው ሰው «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ይላታል። ቃሉ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አንነቅፈውም። ይሁን እንጂ ሁሉን ለዕድል ከሰጠን፣ በመንገድ የዘረፈውና የገደለው ሽፍታ ከፍርድ ይወጣል። ኢየሩሳሌም ብለው በእግራቸው የተነሡትም እንዲሁ የተገፉ ይመስላሉ። እነርሱ ግን አልተገፉም፤ መርጠው ተነሡ። እናቲቱም ልጇን ይዛ የወጣችው ለተስፋ ነው፤ ለሞቱ ተጠያቂ አይደለችም። በፋሲካ ሌሊት ልጆቻችን ስለ ፈርዖን ሲጠይቁን ይህንንም አብረን እንንገራቸው።