የባሕር በረዶና የዴዴሳ ሣር፦ ሲልና ጉማሬ በውኃ ውስጥ እንዴት ይኖራሉ?

ከነቀምቴ ወደ በደሌ የሚጓዝ መንገደኛ ወደ ቆላማው ሸለቆ ወርዶ የዴዴሳን ወንዝ በድልድይ ይሻገራል። ይህ የዓባይ ገባር የጉማሬ መኖሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጉማሬን በዋልታ ባሕር ከሚኖረው ሲል ከተባለው እንስሳ ጋር እያነጻጸርን፣ አጥቢ እንስሳት ውኃን እንዴት እንደተላመዱ እንመለከታለን።

ሁለቱም ደመ ሞቃት ሆነው በሳንባ ይተነፍሳሉ። የሚፈታተናቸው ነገር ግን ለየቅል ነው።

የሲል ችግር ብርድ ነው። ውኃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። የአንታርክቲካ ባሕር ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢደርስም፣ የሲል የውስጥ ሙቀት ከ37 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ምሥጢሩ ከቆዳው ሥር ያለው ወፍራም ስብ ነው። ኦክስጅንንም በደሙና ማዮግሎቢን በተባለ የጡንቻ ፕሮቲን ያከማቻል፤ ሲጠልቅ የልብ ምቱ ይቀንሳል። ዌዴል የተባለው ዝርያ በዚህ ዘዴ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይተነፍስ ይቆያል፤ በበረዶው ላይ ያለውን መተንፈሻ ቀዳዳም በጥርሱ እየፋቀ ክፍት ያደርገዋል።

የጉማሬ ችግር ደግሞ ፀሐይ ነው። የቆዳው የላይኛው ሽፋን ስስ በመሆኑ በደረቅ አየር እርጥበቱን ፈጥኖ ያጣል፤ ስለዚህ ቀኑን በውኃ ውስጥ ያሳልፋል። ከቆዳው የሚመነጨው ቀይ ፈሳሽ ደም ቢመስልም ደም አይደለም። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳስታወቁት፣ በፈሳሹ ውስጥ ያሉት ቀለሞች የፀሐይን ጎጂ ጨረር ይከላከላሉ፤ ቀዩ ቀለም ባክቴሪያንም ይገታል። ጉማሬ እንደ ሲል ዋናተኛ አይደለም፤ አፍንጫውንና ጆሮውን ዘግቶ የወንዙን ወለል እየረገጠ ይሄዳል፤ 5 ደቂቃ ያህልም ሳይተነፍስ ይቆያል።

ይሁን እንጂ ውኃ ብቻውን ለሁለቱም አይበቃም። የዌዴል ሲል የምትወልደው በበረዶ ላይ ነው። ጉማሬም ሲመሽ ወጥቶ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም ሣር ይግጣል። የወንዙ ዳር እስከ ውኃው ጫፍ ከታረሰ፣ ጉማሬው ወደ ማሳ ይገባል፤ ገበሬው ሰብሉን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን ያጣል፤ ጉማሬውም ይገደላል።

እንግዲህ ዴዴሳ ሞልቶ ቢፈስም እንኳ ዳርቻው ሣር ካጣ ጉማሬ አይኖርበትም። ወንዝን መጠበቅ ማለት ዳርቻውንም መጠበቅ ነው።