የጤና ባለሙያው የሥራ ዝለትና በሙያ የማደግ ዕድል

ለበርካታ ዓመታት በአንድ ጤና ኬላ ያገለገለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት መዞሯን፣ መዝገብ መሙላቷንና ወርሃዊ ሪፖርት ማቅረቧን ላታቋርጥ ትችላለች። ይሁን እንጂ የነፍሰ ጡሯን ጥያቄ እንደ ቀድሞው በጥሞና አትሰማም፤ ክትባት ያቋረጠ ሕፃን ሲያጋጥማትም ምክንያቱን ለማወቅ አትጓጓም። ተቆጣጣሪዋ ይህን እንደ ስንፍና ሊቆጥረው ይችላል። የሥራ ዝለት ሊሆን እንደሚችል ግን እምብዛም አይታሰብም።

የሥራ ዝለት ጥቂት ቀን በማረፍ የሚለቅ ድካም አይደለም። ሄርበርት ፍሮይደንበርገር የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ጉዳዩ የጻፉት ነፃ ሕክምና በሚሰጥ ክሊኒክ ከሚሠሩ ሰዎች ያዩትን መነሻ አድርገው ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ደግሞ በሥራ ቦታ ለረጅም ጊዜ ከቆየና በአግባቡ ካልተያዘ ጫና የሚመጣ ክስተት መሆኑን ይገልጻል፤ በሽታ ነው ግን አይልም። መለያዎቹ ሦስት ናቸው፦ የአቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሥራውን በጥርጣሬና በንቀት ማየት፣ እንዲሁም የውጤታማነት መቀነስ። የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መታወክ፣ ከሥራ ውጭም የሚዘልቅ ተስፋ መቁረጥ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ምርመራና ሕክምና ያሻዋል። ለሌላው ሰው ይህን አጥርቶ የሚጠይቅ ባለሙያ ራሱን ሳይጠይቅ የሚያልፍ መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

የዝለት መንስኤ ሲፈለግ በቅድሚያ የሚጠራው የሥራ ብዛት ነው። ክርስቲና ማስላክና ማይክል ላይተር ግን በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ማነስን፣ ተገቢ ዋጋ አለማግኘትንና የፍትሕ መጓደልንም ያክሉበታል። በአንድ ደረጃ ላይ ተወስኖ መቅረት እነዚህን ሁሉ የሚነካ ነው።

ማርክ ሳቪካስ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያዳበሩት ከሙያ ለውጥ ጋር የመላመድ ችሎታ የሚባለው ሐሳብ አራት አቅሞችን ይዟል፤ እነርሱም ስለ ወደፊቱ ማሰብ፣ ለራስ ሙያ ኃላፊነት መውሰድ፣ አማራጭን ለማወቅ መጓጓት እና እችላለሁ ብሎ መተማመን ናቸው። ሐሳቡ ጠቃሚ ቢሆንም ሸክሙን ሁሉ በሠራተኛው ጫንቃ ላይ ለማኖር ሊያገለግል አይገባም። ያልተዘረጋ መሰላል ማንም አይወጣምና።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአብዛኛው 10ኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ሴቶችን ለአንድ ዓመት እያሠለጠነ በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት አድርጎ መደበ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። ወደ ደረጃ አራት የማሻሻያ ሥልጠና የተከፈተው ዘግይቶ ነው። ዕድሉ ትልቅ ቢሆንም አንዷ ለትምህርት ስትሄድ ሌላዋ ቀበሌውን ብቻዋን የምትይዝ ከሆነ የአንዷ እድገት የሌላዋ ዝለት ይሆናል። ስለዚህ የሥልጠና ምደባ ሲወጣ ተተኪ አብሮ መመደብ፣ የምርጫው መስፈርትም አስቀድሞ ለሁሉም መገለጽ ይኖርበታል። በድጋፋዊ ክትትል ወቅትም ተቆጣጣሪው የመዝገቡን ቁጥሮች ካየ በኋላ ሠራተኛዋ ቀጥሎ ምን መማር እንደምትፈልግ ቢጠይቅና መልሷን ጽፎ ለወረዳው ቢያደርስ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።