እህል አልወርድ ሲል

በምሳ ሰዓት በአዲስ አበባ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ከሚገቡት ሰዎች ብዙዎቹ እጃቸው ባዶ አይደለም። አንዱ በነጠላ የተጠቀለለ ምሳ ዕቃ ይይዛል፣ ሌላዋ አጥሚት የሞላ ፔርሙዝ፣ ሦስተኛው በፌስታል ሙዝና ብርቱካን። አስታማሚዎች ከዎርድ ሲወጡ የሚነጋገሩት ስለ ምርመራ ውጤት ብቻ አይደለም። «ዛሬስ ቀመሰች?» «ሁለቴ ጎርሳ ተወችው።» «እህል አልወርድ አለው።» ሽንኩርቱን ሌሊት ከትፋ፣ በሁለት ታክሲ ተሳፍራ የመጣች እናት ምሳ ዕቃው እንደሞላ ሲመለስላት የሚሰማት ቅሬታ ከድካሟ ይብሳል።

ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው መብላት ሲያቅተው ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይተረጉመዋል፤ ወይ ልቡ ተሰብሯል፣ ወይ እልህ ይዞታል። ሁለቱም በሽተኛውን ይበድላሉ። በኩላሊት፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ በካንሰር፣ በልብና በጉበት ሕመም ላይ የሚመጣው የምግብ ፍላጎት ማጣት ራሱ የበሽታው አካል ነው፤ እንደ ትኩሳትና እንደ ትንፋሽ ማጠር መንስኤ አለው፣ ይለካል፣ በአብዛኛውም ሊታገዝ ይችላል። ይሁንና ትኩሳት በእያንዳንዱ ጉብኝት ሲለካ «ምግብ ይወርድልሃል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይታለፋል።

ይህን ጉዳይ ከጳውሎስ ተነስቶ ማየት ተገቢ ነው። ሆስፒታሉ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ አቅም ለሌላቸው ሰዎች መታከሚያ ተብሎ ተሠራ። በ2000 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት ጀምሮ «ሚሊኒየም» የሚለውን ስም ጨመረ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እገዛ በአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተካሄደው በዚሁ ግቢ ነው። ኩላሊት ለጋሽ የሚሆነው በአብዛኛው የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ ዘመድ ያጣ ወይም ዘመዱ የማይገጥምለት ሕመምተኛ ኑሮው በኩላሊት እጥበት፣ ማለትም ደምን በማሽን በማጣራት፣ ላይ ይቆማል። ስለ ምግብ ፍላጎት ማጣት ለመነጋገር ደግሞ ከኩላሊት ሕመምተኛ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አይገኝም።

ኩላሊት ሲደክም በሽንት መውጣት የነበረበት ቆሻሻ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚህ አንዱ የሆነው ዩሪያ በምራቅ በኩል ወደ አፍ ይመጣና ወደ አሞኒያ ይለወጣል። «አፌን መረረኝ»፣ «ብረት ብረት ይለኛል» የሚሉት ሕመምተኞች የሚናገሩት እንግዲህ ምናብ አይደለም። ብዙዎቹ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጠላቸው ቀይ ሥጋ ነው፤ ዓመት በዓል ሲመጣ ለሰው ሁሉ የሚጣፍጠው የቁሌት ሽታ እነሱን ያቅለሸልሻቸዋል። የጨጓራ እንቅስቃሴ ስለሚዘገይም ጥቂት ጎርሰው ሆዳቸው ጢም ይላል። በዚህ ላይ በሰውነት ውስጥ ያለማቋረጥ የሚቆየው ብግነት ረሃብና ጥጋብን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል «በቃህ» የሚል መልእክት ያደርሰዋል። የደም ማነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ የአፍ መድረቅ፣ ድብርት፣ በቀን የሚዋጠው የክኒን ብዛት ሲታከልበት አንድ ሰው ጨርሶ መብላቱ ያስገርማል።

ጉዳዩ የምቾት ጉዳይ አለመሆኑን በቁጥር ያሳየ ጥናት አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 በካሊፎርኒያ የኩላሊት ሐኪሙ ካምያር ካላንታር-ዛዴህና ባልደረቦቹ እጥበት ላይ ያሉ 331 ሰዎችን የምግብ ፍላጎታቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቁ። ከ10ሩ 4 የሚጠጉት ፍላጎታቸው መቀነሱን ተናገሩ። ተመራማሪዎቹ ለአንድ ዓመት ሲከታተሏቸው፣ ፍላጎታቸው ከቀነሰባቸው መካከል የሞት አደጋው ከሌሎቹ ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ያንን ለማወቅ ያስፈለጋቸው ውድ መሣሪያ አልነበረም፤ የተጠየቀው በቃል የሚመለስ ጥያቄ ነው።

እዚህ አገር ለችግሩ ሌላ ምክንያት ይጨመርበታል፤ ገንዘብ። በዓለም የተለመደው የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ሕመምተኞች የሚታጠቡት ሁለት ጊዜ ነው፤ ብር ሲያጥር አንዱን የሚዘልሉም አሉ። በድምፅ ማጉያ እየለመኑ በየመንገዱ ከሚዞሩት መኪኖች አንዳንዶቹ የሚሰበስቡት ገንዘብ ለዚያ ነው። ያልታጠበው ቆሻሻ በደም ውስጥ ሲቆይ ምላስ ይመርራል፣ ሆድ ይታወካል፣ እህል ያስጠላል። ስለዚህ «ለምን አትበላም?» ተብለው ከሚወቀሱት ሰዎች መካከል የምሳቸው ጠላት የእጥበት ወጪ የሆነባቸው አሉ። ለእነዚህ ሰዎች ሦስተኛውን እጥበት የሚያስችል ድጋፍ ከየትኛውም ፍላጎት ከፋች መድኃኒት ይበልጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው የክልከላ ፍርሃት ነው፤ ይህኛው እንደ በሽታው ሁሉ ሰው ያከሳል። ኩላሊቱ መድከም የጀመረ ሰው «ሥጋ ቀንስ፣ እንቁላል ቀንስ፣ ባቄላ ተው» ይባላል። ምክንያት አለው፤ እጥበት ያልጀመረ ሰው በሐኪም ክትትል የሚፈቀድለት ፕሮቲን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ0.55 እስከ 0.6 ግራም ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው ከ33 እስከ 36 ግራም መሆኑ ነው። እጥበት ሲጀምር ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ማሽኑ ቆሻሻውን ሲያወጣ ለሰውነት የሚያስፈልገውንም አብሮ ይወስዳልና፣ በ2020 (እ.አ.አ.) የታደሰው የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን መመሪያ ለዚያው ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ይመክራል። እጥፍ ያህል ማለት ነው። አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ያህል ነው።

ይህን ለውጥ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ያላገኘ ሕመምተኛ የድሮውን ክልከላ እንደያዘ እጥበት ላይ ዓመታት ይገፋል። ከጎረቤት የሰማው፣ ከስልክ ያነበበው፣ ሌላ ሐኪም የነገረው ሲደራረብ ያልተከለከለ ምግብ ይጠፋዋል። ሽሮው ፖታሲየም አለው፣ ጎመኑ ፖታሲየም አለው፣ ወተቱ ፎስፈረስ፣ በርበሬው ጨው። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ዳቦ በሻይ ነው። ከውጭ የተቀዱት የምግብ ዝርዝሮች ስለ ሽሮ፣ ስለ ቂንጬና ስለ ገንፎ ስለማይናገሩ የሚያሳስቱት ብዙ ነው።

የአገራችን ወጥ ቤት ግን ለዚህ መላ አያጣም። ድንች ተልጦ በትንንሹ ተከትፎ በብዙ ውሃ ቢቀቀልና ውሃው ቢደፋ ከፖታሲየሙ ጥሩ ድርሻ አብሮ ይሄዳል። ጎመን ቀቅሎ ውሃውን ማጥለል እናቶች ድሮም የሚያውቁት ነው። ምስር ተነክሮ ያድርና ውሃው ይለወጣል። ቂንጬ ላይ የሚጨመር ቅቤ ወይም ዘይት ፖታሲየምም ፎስፈረስም ሳይጨምር ጉልበት ይሰጣል፤ ትንሽ ብቻ መጉረስ ለሚችል ሰው እያንዳንዱ ጉርሻ እንዲያጠግብ የሚያደርገው ይህ ነው። የእንቁላል ነጩ ክፍል ፎስፈረሱ ጥቂት ነው፣ ፕሮቲኑ ግን ጥሩ። ምን ያህል የሚለው በደም ምርመራ ስለሚወሰን ከሐኪም ጋር መነጋገር የግድ ነው፤ ነገር ግን መነጋገሪያው «ምን ልተው?» ሳይሆን «ምን ልብላ?» ቢሆን ውጤቱ ሌላ ይሆናል።

በተቃራኒው ጠያቂ በፍቅር የሚያመጣው ነገር አንዳንዴ አደገኛው ነው። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ የማንጎ ጁስ፣ አቮካዶ፤ ሁሉም በፖታሲየም የበለጸጉ ናቸው፣ ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ ደግሞ ልብን ሊያቆም ይችላል። «ለሁሉም በሽታ» ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው የሽፈራው ቅጠል ዱቄትም ከዚሁ ወገን ነው። ፈሳሽ የተመጠነበት ሰው የሚጠጣው አጥሚትና ሾርባም ከውሃው ላይ የሚቆጠር ነው። የኩላሊት ሕመምተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ለአስታማሚው ደውሎ «ምን ላምጣ?» ቢል ውለታ ነው።

ማዕድ ላይ ያለው ግፊት ሌላው ሸክም ነው። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ይቺን ብቻ» እየተባለ የሚቀርበው ጉርሻ ጤነኛን ያስደስታል፤ የሚያቅለሸልሸውን ሰው ግን ምግብ በቀረበ ቁጥር እንዲሳቀቅ ያደርገዋል። ብዙ ሕመምተኞች ቤተሰባቸውን ላለማስከፋት ይጎርሱና ጓዳ ሄደው ያስመልሳሉ። በአንድ ትሪ መብላትም ሁለት ገጽ አለው። አብሮ መብላት በራሱ ያበረታታል፤ ለብቻው ክፍል ውስጥ ከሚቀርብለት ይልቅ ከልጆቹ ጋር የተቀመጠ ሰው የተሻለ ይጎርሳል። ነገር ግን ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ በሽተኛው እንጀራውን እያገላበጠ «ጠገብኩ» ሲል ማንም ልብ አይልም። ከሰው ጋር በአንድ ማዕድ፣ ለእሱ ግን በትንሽ ሳህን ቢቀርብለት የሁለቱንም ጥቅም ያገኛል።

የጾም ነገርም አለ። የኦርቶዶክስ ምእመን ጾሙን ሁሉ ከጾመ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት አይቀምስም፤ እጥበት ላይ ላለ ሰው ዋናዎቹ የፕሮቲን ምንጮች እነዚህ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም ታሰናብታለች፤ በእስልምናም ቁርኣን በሽተኛውን ከረመዳን ጾም ያነሣል። ሆኖም ሕመምተኛው በተለይ አረጋዊ ከሆነ፣ በመጨረሻ ዘመኑ ጾም መፍታት ይከብደዋል። እዚህ ላይ ሐኪም ብቻውን የሚፈታው ነገር የለም። የንስሐ አባት ወይም የሰፈሩ ኢማም አንድ ጊዜ ቀርበው ቢነግሩት በሐኪም አሥር ጊዜ ከተነገረው ይልቅ ይሰማል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ እነሱን መጥራት እንደ ሕክምናው ክፍል ቢያየው መልካም ነው።

ነገሩ በኩላሊት አያበቃም። ከጳውሎስ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ባለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሲታከም ኖሯል። በዚያ በሽታ ክብደት መቀነስና እህል ማስጠላት ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው፤ መድኃኒቱ መሥራት ሲጀምር ፍላጎት አብሮ ይመለሳል። ስድስት ወር በሚወሰደው መድኃኒት መካከል ፍላጎት ከተመለሰ በኋላ ድንገት ጠፍቶ ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ጉበት ነክቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ወስዶ ሳይበላ ከቀረ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፤ መብላት ያቃተው ቀን መጠኑን በራሱ ከመቁረጥም እንደልማዱ ከመውጋትም ይልቅ የሚከታተለውን ሐኪም መጠየቅ አለበት። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መስጠት ከተጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የተገላቢጦሹ ታይቷል፤ መድኃኒቱ ፍላጎታቸውን የከፈተላቸው፣ ቤታቸው ግን የሚበላ ያልነበረ ብዙዎች ነበሩ። ፍላጎት ማጣትና ምግብ ማጣት ይመሳሰላሉ፣ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

ኢትዮጵያ በሥነ ምግብ ጉዳይ ጀማሪ አይደለችም። በ1950ዎቹ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ አስገኝቷል፤ ከእርሱ የወጣው የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የአገሪቱን እህሎችና ወጦች ይዘት እየለካ ሠንጠረዥ አሳትሟል። የዚያ ሥራ ወራሽ የሆነው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ዛሬ የሚገኘው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ጎረቤት ነው። የሕፃኑን ክንድ በሜትር ለክቶ መክሳቱን የሚያውቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በየቀበሌው አለ። ሥር በሰደደ ሕመም የሚከሳው አዋቂ ግን በዚህ ሁሉ ጥረት መካከል ተረስቷል። የተለካው የሽሮና የጤፍ ይዘት በአማርኛና በኦሮምኛ በአንድ ገጽ ተዘጋጅቶ በየእጥበት ክፍሉ ቢሰጥ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የክብደት ነገርም በጥንቃቄ ይታይ። የኩላሊት ወይም የልብ ሕመምተኛ ሚዛኑ ሳይለወጥ ሊከሳ ይችላል፤ ሥጋው ሲሟሽሽ በቦታው ውሃ ይተካል። ቀለበት ሲሰፋ፣ ጉንጭ ሲጎድል፣ ከወንበር ለመነሣት እጅ መደገፍ ሲጀመር ሚዛኑ ምንም ቢል ማመን አያስፈልግም። እብጠት የሌለበት ሰው ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ፣ ማለትም ከ60 ኪሎ 3 ኪሎ፣ ሳያስበው ከቀነሰ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ቤት ውስጥ የሚረዱ ነገሮች ጥቃቅን ናቸው። ለብዙዎች የተሻለው ሰዓት ጠዋት ነውና ዋናውን ምግብ ወደዚያ ማዞር፤ በቀን ሦስቴ ከማስጨነቅ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ጥቂት ማቅረብ፤ ሽንኩርት ሲቁላላ በሽተኛውን ከሽታው ማራቅ፣ የቀዘቀዘ ምግብ ሽታው ስለሚያንስ ሙቁ ካልወረደለት ቀዝቃዛውን መሞከር፤ ከመብላት በፊት አፍን ማጽዳት። ጨው በተከለከለበት ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ ጣዕም ይመልሳሉ። በፋርማሲ «ጨው ምትክ» ተብሎ የሚሸጠው ግን አብዛኛው የሚሠራው ከፖታሲየም ስለሆነ ለኩላሊት ሕመምተኛ አይሆንም። ፍላጎት የሚከፍቱ መድኃኒቶችም አሉ፤ አንዳንዶቹ ደም የማርጋት አደጋ ስላላቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ አይገባም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ባይጠይቅም ሕመምተኛው ወይም አስታማሚው ይናገሩ፤ እህል ማስጠላት የጀመረው መቼ እንደሆነ፣ የትኛው ምግብ እንደሚወርድና የትኛው እንደሚያስመልሰው፣ ምን ምን መድኃኒትና ባህላዊ ነገር እንደሚወሰድ በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱ፤ የሥነ ምግብ ባለሙያ ካለም ወደ እርሱ እንዲላኩ በግልጽ ይጠይቁ።