ሕፃን ታቅፎ የዋለ አባት «ሥራ ፈት» ነውን?

የወሊድ ፈቃዷን የጨረሰች ሠራተኛ ለጠዋቱ ፈረቃ ወደ ፋብሪካዋ ስትገሰግስ፣ ባለቤቷ ሕፃኑን ታቅፎ ከደጃፍ ሲሸኛት የተመለከተ ጎረቤት ምን ይላል? «ሚስቱ የምትገዛው ወንድ!» ይህን አባባል ከእድር ድንኳንም ከውሃ ቦኖም ደጋግመን ሰምተነዋል፤ ሳንሸሽግ እንናገር፣ አብረንም ስቀናል።

እንደሚታወቀው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን የበላይነት ሽሮ አመራሩን ለሁለቱም በእኩልነት ሰጠ። ሕግ የሻረውን ግን ልማድ አልሻረውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ሲፈቅድ፣ ለአባት የፈቀደው 3 ቀን ብቻ ነው።

ታዲያ ዘጠናው ቀን ሲያበቃ ሕፃኑን ማን ይይዛል? አያት ካለች አያት፤ ከሌለች ከገጠር የመጣች፣ ራሷም ከትምህርት ገበታ የቀረች ለጋ ልጃገረድ። የእናቲቱ ነፃነት በሌላይቱ ጫንቃ ላይ ሲቆም ጭቆናው ተሸጋገረ እንጂ አልተወገደም።

ስለሆነም ሥራው የተቋረጠበት ወይም ገቢው ከሚስቱ ያነሰ አባት ቤት ለመዋል ሲወስን የሚያሳፍር ነገር አናይበትም። ጡት ከማጥባት በቀር አባት የማይችለው የለም፤ ሕፃን ማጠብ፣ ጨርቅ መቀየር፣ ሲያለቅስ አዝሎ ማባበል ሁሉ ጉልበት የሚፈስበት ሥራ ነው። እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩት ሥራ ብለን ስላልቆጠርነው ነው ዛሬ ወንድ ሲሠራው «ሥራ ፈት» የምንለው።

እንዲህ ያለው አባት መሳለቂያ እንዳይሆን ሠግቶ ከእድር ስብሰባ እየቀረ ነው። ልጁን ይዞ ይምጣ፤ አግዳሚው ላይ ቦታ እንልቀቅለት።